ጎማዋን ያወረደች አውሮፕላን

ሻለቃ ባሻ ደሞዝ የሞቱት በሚወዷቸው አውሮፕላኖች መካከል፣ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ነው። ጋቢያቸው እስከ አገጫቸው ተስቧል፤ ምርኩዛቸው ጉልበታቸውን ተደግፎ ቆሟል፤ እግራቸው ሥር የከሰል ምድጃ አለ። ፊታቸው ቀላ ብሎ፣ ላየው ሰው የሞተ ሳይሆን ፀሐይ ሲሞቅ ቆይቶ የገባ ይመስላል። የእህታቸው ልጅ ፀደይ ጠዋት በሩን ስትከፍት መጀመሪያ ያሰበችውም ይህንኑ ነበር። «ጋሼ ዛሬስ ሞቋቸዋል» አለች በሆዷ። ምድጃውን ያየችው ከዚያ በኋላ ነው። የጮኸችውም ከዚያ በኋላ ነው።

ጎረቤት ሲሰበሰብ ነገሩ ወዲያው ተፈረደ። እንጅባራ ብርድ አገር ነው፤ ዝናቡ ሲበረታ ከሰል የፈጀው ሰው ወሬ ከመንደሩ አይጠፋም። የእድሩ ጡሩንባ ተነፋ፤ ድንኳን ተተከለ፤ ቀብሩም ለዘጠኝ ሰዓት ተባለ። ማታ ከሰሉን ያቀጣጠለችው ፀደይ ስለሆነች፣ ለቀስተኛው ሁሉ እሷን በጎን እያየ ያልፋል። እሷም ከወጥ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጣ አንድ ነገር ብቻ ትደጋግማለች።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

አይደለሽም ያላት ሰው አልነበረም። የሟቹ አንድ ልጅ እዮብ፣ ለሁለት ቀን ብሎ ከባሕር ዳር የመጣው፣ «ፖሊስ ይውሰዳት። አባቴ ሲቀበር እዚያ ቆማ እንዳላያት» አለ። የሟቹ የጦር ሜዳ ጓደኛ ጋሽ ወገኔ ብቻ ናቸው አጠገቧ ተቀምጠው ትከሻዋን መታ መታ ያደረጓት። «የኔ ልጅ፣ አንቺ ምን ታደርጊ። ሳታውቂ ነው። እግዜር ሳያውቁ የሠሩትን ይቅር ይላል» አሏት። ፀደይ ይህን ስትሰማ ጭራሽ ባሰባት።

ኢንስፔክተር ሙሉነሽ በባጃጅ መጣች። ሃምሳን ያለፈች፣ አጭር፣ ጭቃ የለመደ ቦቲ ጫማ ያደረገች ሴት ናት። ከሐኪሙ ጋር ሬሳው ካለበት መኝታ ቤት ገብታ ጥቂት ቆየችና ወጥታ ፀደይ ፊት ቆመች።

«ፀደይ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

«እሱን ኋላ እንደርስበታለን። አሁን ተነሺ። ቤቱን የምታውቂው አንቺ ስለሆንሽ ከእኔ እንዳትለዪ።»

የአውሮፕላኖቹ ክፍል ከሳሎኑ ጀርባ ነው። ግድግዳው ሁሉ መደርደሪያ፣ መደርደሪያው ሁሉ የጦር አውሮፕላን። መጫወቻ አይደሉም። ከቀለጠ ብረት በቅርጽ የፈሰሱ፣ ትንንሽ ሆነው እንደ ድንጋይ የሚከብዱ፣ እጅ ላይ ሲያርፉ የሚቀዘቅዙ ናቸው። ሻለቃ ባሻ በአየር ኃይል ዕድሜያቸውን አውሮፕላን ሲጠግኑ ኖሩ፤ ጡረታ ሲወጡ ደግሞ የጠገኗቸውን በሙሉ በየዓይነቱ ለመሰብሰብ ማሉ። ከውጭ የሚመጣ ሰው ከተገኘ አንድ ሻንጣ ውስጥ አንድ ሚግ ወይም አንድ ኤፍ-5 አይጠፋም። «ሰው በሬ በሚገዛበት ብር ባሻ ክንፍ ይገዛሉ» እያለ መንደሩ ይስቅባቸው ነበር። እሳቸውም የጥጥ ጓንት አድርገው፣ ከሆዷ እንጂ ከክንፏ ሳይዙ፣ አንድ በአንድ ሲወለውሉ ይውሉ ነበር።

«ለምንድን ነው የላዮቹ ጎማ የሌላቸው?» አለች ኢንስፔክተሯ።

«የላዮቹ ያልተመለሱት ናቸው» አለች ፀደይ። «አብራሪያቸው የቀረ። ጋሼ ጎማቸውን ነቅለው፣ ሽቦ ላይ አቁመው፣ አየር ላይ ይተዉአቸዋል። የተመለሱት ከታች ናቸው፤ ጎማቸው ወርዷል።»

«የተነቀለው ጎማስ?»

«እዚያ ቆርቆሮ ውስጥ ነው። ሲፈለግ ተመልሶ ይሰካል።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ላይኛው ረድፍ ቀና አለች። አንድ ባዶ ሽቦ ነበር።

«እዚህ የነበረችውስ?»

«እንጃ። መምህርት ሜላት ለእሁዱ ትርኢት ማሸግ ጀምራ ነበር። የመደርደሪያውን መስታወት እንኳ ማታ ነው ያወለቀችው።»

ኢንስፔክተሯ ጣቷን በአንዲት ሚግ ጀርባ ላይ አሳለፈች። ጣቷ ግራጫ ሆኖ ተነሣ።

«አመድ። እዚህ ክፍል ሁልጊዜ ከሰል ይነዳል?»

«ጋሼ እዚህ ክፍል ከሰል አያስገቡም። ሻማ እንኳ አያስገቡም። ጥቀርሻው ቀለሙን ይበላዋል ይሉ ነበር። በብርድ እየተንቀጠቀጡ ጋቢ ለብሰው ነው የሚቀመጡት።» ከዚያ እንባዋ መጣ። «ግን ማታ ጠጥተው ነበር። ምድጃውን በረንዳ ላይ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ከነፍሙ። ውኃ ባፈስበት ኖሮ…»

ኢንስፔክተሯ ጎንበስ ብላ የታችኛውን ረድፍ ታያለች። ቤቱ በአንድ ወገን ሰጥሞ መደርደሪያው ዘመም ስላለ፣ ሻለቃ ባሻ የእያንዳንዷን ጎማ በጠብታ ሰም አጣብቀውታል። አንዲት ኤፍ-5 ግን ሰም የላትም። ከጎማዋ ፊትና ኋላ ሁለት ስባሪ የክብሪት እንጨት ተወሽቋል።

«ጋሼሽ ሲጋራ ያጨሱ ነበር?»

«ኧረ በፍጹም።»

«አንቺ ከሰል በምን ትለኩሻለሽ?»

«በላይተር። ክብሪት በዚህ ዝናብ ይረጥባል።»

ጋሽ ወገኔ ድንኳኑ ውስጥ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጠዋል። ረጅም ናቸው፤ አሮጌ የቆዳ ጃኬታቸውን ከላያቸው አያወልቁም። በሚኖሩባት በዳንግላ ከተማ «ካፒቴን» ካልተባሉ በስተቀር ማን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። ሠርግ ላይ ወንበር የሚለቀቀው ለእሳቸው ነው፤ ልጆች መንገድ ላይ ወታደራዊ ሰላምታ የሚሰጡት ለእሳቸው ነው። ኢንስፔክተሯ አጠገባቸው ስትቀመጥ ክብሪት ጭረው ሲጋራ ለኮሱ።

«ላይተር አይዙም፣ ካፒቴን?»

«ላይተር ነፋስ ሲያይ ይከዳል። ክብሪት ወታደር ነው።»

«እኔም የዳንግላ ልጅ ነኝ። አባቴ ምህረቴ ይባላል፣ ጋሪ ነጂው።»

«የጋሪው ምህረቴ! ባለ ቦራው ፈረስ!» ፊታቸው በራ። «አንድ ቀን ሒሳብ ተቀብሎኝ አያውቅም እኮ።»

«አዎ። ‹ሞተሯ እየነደደ አውሮፕላን ያሳረፈ ሰው በእኔ ጋሪ አይከፍልም› ይል ነበር።»

«ሆ! ያቺ ኤፍ-5 ናታ። በምሥራቁ ጦርነት ጊዜ። እኔ አብራሪ፣ ደሞዝ ጠጋኝ። ሳሳርፋት ከታች ቆሞ ያለቅስ ነበር።» ጭሱን ወደ ላይ ለቀቁት። «አሁን ደግሞ የማለቅስለት እኔ ሆንኩ።»

«ማታስ?»

«አረቄ ይዤለት መጥቼ ነበር። ጠጣን፤ አወራን። ዝናቡ ከሚኒባስ አስቀረኝና እዚሁ አደርኩ። እኔ ስተኛ እሱ ወደ አውሮፕላኖቹ ሄደ። በርዶት ይሆናል ምድጃውን ያስገባው፣ ምስኪን።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በልጅቷ አትጨክኑባት። ሳታውቅ ነው።»

እዮብ ከድንኳኑ ኋላ ቆሞ በላይተር ሲጋራ ሊለኩስ ይታገላል።

«ማታ ከአባትህ ጋር ተጣልተሃል አሉ» አለችው።

«ተጣልቻለሁ። ከዚህ ብርድ ውጣና ከእኔ ጋር ኑር አልኩት። አውሮፕላኖቼን ጥዬ አልሄድም አለ። አራት ልጅ ቢኖረው አራቱንም በአንድ ሚግ ይለውጥ ነበር!» ፀደይን አይቶ ዓይኑን መለሰ። «ተናድጄ ወጥቼ አልጋ ተከራይቼ አደርኩ።»

«ተመልሰህ አልመጣህም?»

«ብመጣስ ማን ይከለክለኛል? የግቢው በር በሽቦ ነው የሚታሰር፤ ማንም ይገባል። ግን አልመጣሁም።» ሲጋራውን ሳይለኩሰው ጣለው። «ስሜን እንኳ ለእኔ ብሎ አላወጣውም። ላልተመለሰ ጓደኛዬ ነው የሰየምኩህ ይለኝ ነበር። ሌላው አባቱ ዕቅፍ ውስጥ ሲያድግ እኔ በሙት ስም አደግሁ።»

የታሪክ መምህርቷ ሜላት ቀጭን፣ ችኩል፣ ዓይኗ በለቅሶ ያበጠ ሴት ናት። ክምችቱን በሙሉ እሁድ በከተማው አዳራሽ ልታሳይ ቃል ተቀብላ ነበር።

«የላይኛው ረድፍ ላይ አንዷን አሽገሻል?» አለቻት ኢንስፔክተሯ።

«አንዷንም አልነካሁም! ሻለቃ ባሻ ቆመው ካልሆነ ማን ይነካል? መስታወቱን ብቻ አውልቄ፣ ቦታቸው እንዳይጠፋብኝ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ወጣሁ።»

«ፎቶውን አሳዪኝ።»

ኢንስፔክተሯ ስልኩን ተቀብላ በሁለት ጣት አሰፋችው፤ አየችውና ኪሷ ከተተችው።

«ስትሰናበቱ ምን አሉሽ?»

«‹እሁድ በሕዝብ ፊት የአንዷን አብራሪ ስም ጮክ ብዬ እጠራለሁ። ከዚያ በኋላ ብሞትም ግድ የለኝም› አሉ።»

«ይህን ማን ሰማ?»

«ሁላችንም። እዮብም፣ ካፒቴንም፣ ፀደይም። ራት ላይ ነበርን።»

ከዚያ ኢንስፔክተሯ ፀደይን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። የከሰሉ ጆንያ ጥግ ቆሟል፤ አፉ እንደ ተከፈተ ነው።

«አንቺ ነሽ የከፈትሽው?»

ፀደይ ጆንያውን አየች፤ ጠጋ ብላ ደግሞ አየች። «እኔ ሁልጊዜ አስረዋለሁ። ማታም አስሬዋለሁ። ከነበረው ደግሞ ጎድሏል።»

«በረንዳ ላይ ስታስቀምጪው ምድጃው ውስጥ ምን ያህል ነበር?»

«ሊያልቅ የደረሰ ነው። የቡና ስኒ የማትሞላ ፍም።»

«ጠዋትስ?»

ጠዋት ምድጃው አፉ ድረስ አመድ ነበር። ፀደይ ይህን ስታስታውስ ጆንያውን ተደግፋ ቆመች። ምን ማለት እንደሆነ ግን ራሷን ለማመን ፈራች። ውጭ ቄሶቹ መጥተዋል፤ የቃሬዛው እንጨት ሲገጣጠም ይሰማል።

«ሬሳው እንዳይነሣ» አለች ኢንስፔክተሯ ለእድሩ ዳኛ። «እናንተ ደግሞ ሁላችሁም ወደ አውሮፕላኖቹ ክፍል።»

አራቱ ገቡ፤ አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ። ባዶው ወንበር እንደነበረ ነው። በላዩ መቀመጥ የደፈረ የለም።

«ባሻ ደሞዝ የሞቱት በከሰል ነው» አለች ኢንስፔክተር ሙሉነሽ። «ሐኪሙም እኔም አንከራከርበትም። የምጠይቀው ከሰሉ በማን እጅ ገባ ነው። ሰው ሁሉ ሟቹ ራሱ አስገባው ብሏል። ምርኩዙን እዩት። ያለ ምርኩዝ ከወንበር ወደ በር መድረስ የማይችል ሰው ነው። የጋለ ምድጃ ለመሸከም ስንት እጅ ያስፈልጋል?»

«ሁለት» አለች ሜላት በቀስታ።

«ሁለት። ፀደይ በረንዳ ላይ የተወችው ደግሞ የስኒ ፍም ነው። በስኒ ፍም ሰው አይሞትም። አንድ ሰው ጆንያውን ፈትቶ ምድጃውን ሞላው፤ አረቄ ያስተኛው ሰው እግር ሥር አስቀምጦ አራገበው፤ በሩን ዘጋ። ሲያራግብ የበነነው አመድ እዚህ ሁሉ ላይ አረፈ።» እጇን ወደ መደርደሪያው ዘረጋች። «አሁን የሌለባት አንዷ ብቻ ናት።»

ኤፍ-5ዋን አሳየቻቸው። ጀርባዋ ተወልውሎ ይብረቀረቃል። አመዱ ከሥሯ ነው።

«ይህች እዚህ የቆመችው ከሰሉ ነዶ ካለቀ በኋላ ነው። ባሻ ሞተዋል፤ አንድ ሰው ግን ገብቶ ከላይኛው ረድፍ አወረዳት፤ አመዷን ወለወላት፤ ከቆርቆሮው ጎማ አውጥቶ ሰካላት።» ስልኩን አወጣች። «መምህርት ማታ ባነሣችው ፎቶ ይህች አውሮፕላን አየር ላይ ናት። ያልተመለሰች ናት። ጠዋት ግን ተመልሳ አርፋለች። በሌሊት የመለሳት ማን ነው?»

እዮብ ወደ ኤፍ-5ዋ ሁለት እርምጃ ተራመደ። ኢንስፔክተሯ ያኔ አንድ ያልታሰበ ነገር አደረገች። ከታችኛው ረድፍ አንዲት ሚግ አንሥታ የጎማዋን ሰም በጥፍሯ ፋቀችና፣ ዘመም ባለው መደርደሪያ ላይ አስቀምጣ ለቀቀቻት።

ሚጓ ተንከባለለች። ሜላት ጮኸች። እዮብ ዘሎ ክንፏን ሊይዝ እጁን ወረወረ። ጋሽ ወገኔ ግን ከእሱ ቀድመው ጎንበስ አሉ፤ ክንፏንም ሆዷንም አልነኩም። ሁለት ጣታቸውን፣ አንዱን ከጎማዋ ፊት አንዱን ከጎማዋ ኋላ፣ ሰክ አደረጉ። ሚጓ ቀጥ ብላ ቆመች።

ፖሊሱ ከበሩ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ።

«አባቴ ጋሪውን ቁልቁለት ላይ ሲያቆም ታኮ ያደርግ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ግን በቁልቁለቱ በኩል አንድ ድንጋይ ብቻ ነው። ጋሪ ነጂ ከፊትም ከኋላም አያግድም። እዚህ ክብሪት የወሸቀው ሰው ግን ከፊትም ከኋላም ነው ያገደው። ይህ የማን ልማድ ነው?»

መልሱ ከማይጠበቅበት መጣ።

«የምድር ሠራተኛ» አለች ፀደይ። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ጋሼ ይሉኝ ነበር። ‹አብራሪ አሳርፎ፣ የራስ ቆቡን አውልቆ ይሄዳል። ከፊትና ከኋላ ታኮ የሚያስገባው የእኛ እጅ ነው። እጃችን ተኝተን እንኳ አይረሳውም› ይሉ ነበር።»

ጋሽ ወገኔ ጣታቸውን ከጎማው አላነሡም።

«ካፒቴን» አለች ኢንስፔክተር ሙሉነሽ፣ «እርስዎ አብራሪ ሆነው አያውቁም። አሳረፍኳት ያሏት የዚህች ኤፍ-5 አብራሪ አልተመለሰም፤ ስሙም እዮብ ነው። ባሻ ልጃቸውን የሰየሙለት። እሁድ ጮክ ብለው ሊጠሩት የነበረው ይህንን ስም ነው። ተመልሳለች እንድትባል ነው ጎማዋን ያወረዱላት።»

«እዮብ አየር ላይ ቢቀር ምን ይጎዳዋል!» አሉ ሽማግሌው ድንገት። «የሞተ ሰው ስም ምን ያደርግለታል? እኔ ግን በሕይወት አለሁ! ከጦር ሜዳ ስመለስ መናኸሪያው ላይ አንዱ ‹ካፒቴን› አለኝ፤ ዝም አልኩ። በቃ፣ ዝም አልኩ። ከዚያ ሁሉም አለኝ። ሚስቴ ካፒቴን ብላ አገባችኝ፤ ልጆቼ የካፒቴን ልጆች ሆነው አደጉ። ማታ ሁላችሁም ስትሄዱ እግሩ ላይ ወደቅሁ። ‹እዮብ አየር ላይ ከቀረ ስንት ዘመኑ፤ አሁንስ በስሙ ይውረድ› አለኝ። እንቅልፍ እስኪወስደው ለመንኩት።»

«ከዚያም ይህችን ልጅ ሳታውቂ ነው አሏት» አለች ኢንስፔክተሯ።

ወገኔ ፀደይን ሊያዩ ቀና አሉ፤ አልቻሉም።

«አባቴ እስኪሞት ድረስ በነፃ ጭኖዎታል» አለች ሙሉነሽ። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ሻከረ። «ተነሡ።»

ሲወስዷቸው ድንኳኑ ውስጥ ያሉት የዳንግላ ሰዎች ነገሩን ገና አልሰሙም፤ እንደ ልማዳቸው ከወንበራቸው ብድግ አሉላቸው። ወገኔ ያኔ ነው ፊታቸውን በጃኬታቸው የሸፈኑት።

ሬሳው ለምርመራ ስለሚፈለግ ቀብሩ ለነገ ዞረ። ሁለቱ የክብሪት ስባሪዎች በላስቲክ ታሽገው ሄዱ። እዮብ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ቀርቶ ኤፍ-5ዋን በሁለት እጁ ይዞ ነበር፤ ሳያውቀው ከሆዷ ነው የያዛት።

«ከባድ ናት» አለ ፀደይ ስትገባ። «እንዲህ ትከብዳለች ብዬ አላሰብኩም።» ከዚያ፣ ሳያያት፣ «ጠዋት ያልኩሽን…» ብሎ ቀረ።

ፀደይ የጋሼን የጥጥ ጓንት አድርጋ አውሮፕላኗን ተቀበለችው፤ ጎማዎቹን አንድ በአንድ ነቅላ ቆርቆሮው ውስጥ ከተተችና፣ ወንበሩን ዞራ፣ ባዶው ሽቦ ላይ መለሰቻት። አየር ላይ።

ሲመሽ ብርዱ በረታ። ጎረቤት ሴቶች አፍረው፣ ከጠዋቱ ይልቅ ለስለስ ባለ ቃል «ነይ፣ እሳት ሙቂ» እያሉ ምድጃ አቀረቡላት። ፍሙ ቀይ ነበር። ፀደይ «እኔ አይደለሁም የገደልኳቸው» ልትላቸው አፏን ከፈተች፤ ቀኑን ሙሉ ያን ሌላውን ሲል የዋለ አንደበት ግን እሺ አላላትም። ተነሥታ፣ ምድጃውን በሁለት እጇ አንሥታ፣ ዝናቡ ውስጥ አስቀመጠችው። እስኪጠፋ ድረስ አጠገቡ ቆማ አየችው።